ሜትር ይዞ መጋረጃ የሚቀበል ላውንደሪ

ላውንደሪን በንጣት አልመዝንም። በረኪና ያለው ሁሉ ማንጣት ይችላል። እኔ የማየው መጋረጃዬ በሄደበት ቁመት መመለሱን ነው።

ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አለ። ይሳቅ። መርካቶ ዞሮ፣ ተከራክሮ፣ ጨርቅ በሜትር ገዝቶ፣ ለሰፊ ከፍሎ መጋረጃ ያሰፋ ሰው ግን ይገባዋል። ያ ሁሉ ድካም ታጥቦ ሲመለስ ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ብሎ ከቀረ ሳሎኑ ቁምጣ የለበሰ ነው የሚመስለው። ማስረዘም አይቻል ነገር። ልጨምርበት ብትሉ ያው ቀለም ዳግመኛ አይገኝም።

ነገሩ ሂሳብ ነው። ታጥቦ የማያውቅ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ከ3 እስከ 5 ሊያጥር ይችላል። 2 ሜትር ከ50 የሚረዝም መጋረጃ ላይ ከመቶ 5 ማለት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሙቅ ውሃና ሙቅ ማድረቂያ ሲጨመርበት ይብሳል። ገበር ያለው ከሆነ ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው። ፊቱ ፖሊስተር፣ ገበሩ ጥጥ ከሆነ ገበሩ ብቻውን ያጥርና ፊቱን ወደ ላይ ይስበዋል። የታችኛው ጫፍ ይኮማተራል። ያን ጊዜ ካውያም አያድነውም። ሰፊ ጋ ወስዶ ገበሩን ማስፈታት ነው።

ከዚህ በፊት የማሳጥብበት ቤት መጋረጃ የሚቀበለው በኪሎ ነበር። ሚዛን ላይ ይጥሉታል፣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ አለቀ። የመኝታ ቤቴ መጋረጃ ብርሃን የማያስገባው ዓይነት ነው። ከጀርባው ላስቲክነት ያለው ነጭ ሽፋን ተቀብቶበታል። እሱን ከብርድ ልብስ ጋር አጠቡት። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከተቱት። ትኩሱን አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ጠቀጠቁት። ቤት ወስጄ ስዘረጋው ሽፋኑ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሳላቅቀው ተላጠ። ከተሰቀለ በኋላ ጠዋት ፀሐይዋ በተላጠው በኩል በነጥብ በነጥብ ትገባለች። ሄጄ አቤት ስል «ጨርቁ ነው ችግሩ» አሉኝ። ጨርቁማ ችግር አለበት፤ ሙቀት አይወድም። ያንን ማወቅ የማን ሥራ ነው?

አሁን የምጽፍላችሁ ግን ከዚያ በኋላ ስላገኘሁት ሌላ ቤት ነው። ሰሚት አካባቢ፣ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ያለ ነው። ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያ እንዲመስልብኝ አልፈልግም፤ ደግሞ የምወቅሰውም ነገር አለኝ። ጠባብ ቤት ናት። ውጭ የተሰቀለው ሰሌዳ «ሱፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ» ይላል፤ እንደ ማንኛውም ላውንደሪ። ልዩነቱ የሚጀምረው ባንኮኒው ላይ ነው።

የሚቀበለው ወጣት ልጅ ነው። መጋረጃውን ከፌስታሉ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። «ማዘር፣ ይሄ ገበሩ ጥጥ ነው ፖሊስተር?» አለኝ። ማዘር የሚባል ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ አለፍኩት። ከአንገቱ ላይ የሰፊ ሜትር አወረደ። አንዱን ጫፍ ከላይ የተሰፋው ነጭ ቴፕ ላይ ያዘ፣ ሌላውን ታች እጥፋቱ ድረስ ሳበ። ደረሰኙ ላይ «2.48» ብሎ ጻፈ። ወርዱንም ለካ። ከዚያ በቴፑ ውስጥ የሚያልፉትን የሽንሽኑን ክሮች ፈታና ሽንሽኑን ዘረጋ። ክሮቹን ጫፋቸው ላይ ቋጠራቸው። ለምን እንደሚቋጥር ጠየቅኩት። «ካልተቋጠረ እጥበቱ ውስጥ ክሩ ሾልኮ ይገባል። ቴፑ ተፈቶ ካልሆነ አይወጣም።»

ክሩን ፈትቶ ማጠብ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሽንሽኑ ተጨምድዶ እንደታሰረ ከታጠበ በእጥፋቶቹ መሃል ያለው አቧራ አይወጣም። ሲደርቅ ሽንሽኑ በነበረበት መስመር ሁሉ ግራጫ ሰረዝ ይቀራል። ይህ ሰረዝ ያለበት ነጭ መጋረጃ ስንት ሰው ቤት አይቻለሁ። በደንብ አልታጠበም ብለው ደግመው ይልኩታል። ደግሞ ታስሮ ይታጠባል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። ከሳሎኑ መጋረጃ በመስኮት በኩል የሚውለውን ጠርዝ ፈለገ። በሁለት አውራ ጣቶቹ መሃል ያዘና ቀስ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ጎተተ። ምንም አልሆነም። ሌላኛውን ፍሬ፣ ከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን ማለት ነው፣ እንደዚያው ጎተተው። ጨርቁ ጠጠር የምታህል ቀዳዳ አበጀ። እንዲያው ቀለል ባለ ጉተታ ክሮቹ ሲላቀቁ ታዩኝ።

«ይሄን ፀሐይ በልቶታል ማዘር። ማሽን ከገባ ተቀዶ ነው የሚወጣው። በእጅ ልናጥበው እንችላለን፤ ከተቀደደ ግን ኃላፊነት አንወስድም።»

ይህንንም ደረሰኙ ላይ ጻፈው፤ እኔም ፈረምኩ። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ ይቆጣል። እኔ ግን ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የኛ ፀሐይ ብርዱን አይታችሁ የምትንቋት አይደለችም። ጥጥም ሆነ ሐር መስኮት ላይ ለዓመታት ሲውል ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ፖሊስተር ይሻላል፤ እሱም ዘላለም አይኖርም። ተሰቅሎ ሳለ ምንም አይታይበትም። ውሃ ሲነካው፣ ክብደት ሲኖረው ነው የሚተረተረው። ሰውም ላውንደሪው ቀደደብኝ ይላል። የሰበሰበውን አምስት ዓመት ፀሐይ ማን ይክሰሰው?

ማድረቁን ሳላይ አልሄድም አልኩ። ባለቤቱ ሳይከፋው ጣሪያ ላይ ወሰደኝ። ደረጃው ጠባብ ነው። ላይ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ከላዩ ጥላ የሚሰጥ መረብ ተወጥሯል። አንሶላው ሽቦው ላይ ነው። መጋረጃዎቹ ግን ሽቦ ላይ አይደሉም። የውሃ ቱቦ ገዝቶ አግድም አሰርቶ፣ ልክ ቤት እንደሚሰቀሉት በቀለበታቸው ሰቅሏቸዋል። ውሃቸው ገና እየተንጠባጠበ ነው።

«ማድረቂያ ማሽን የለህም?» አልኩት።

«አለ። ለፎጣና ለብርድ ልብስ ነው። መጋረጃ አላስገባበትም።»

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ነገሩን እንደሚያውቅ ገባኝ። እርጥብ መጋረጃ የራሱ ክብደት ወደ ታች ይስበዋል። ሲደርቅ ተወጥሮ ስለሆነ መጨማደዱ ራሱ ይለቃል፤ ካውያ የሚያስፈልገው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ሽቦ ላይ ለሁለት ታጥፎ ከተሰጣ መሃሉ ላይ መስመር ይሠራል። መቆንጠጫ ከተደረገበት ደግሞ ጥርሱ ይቀራል። ፖሊስተር በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሳይቀዘቅዝ በኃይል ከተጨመቀ የያዘውን መጨማደድ አይለቅም። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ማሽኑም ግማሹ ባዶ ሆኖ፣ መጭመቂያው በዝግታ። 7 ኪሎ ይችላል የተባለ ማሽን ውስጥ 7 ኪሎ መጋረጃ መክተት አይደለም። መጋረጃ ውሃ ውስጥ ቦታ ይፈልጋል። ካልተንሳፈፈ አይታጠብም፤ ተጠቅልሎ ይወጣል እንጂ።

እኔ በበኩሌ ላውንደሪ ስትመርጡ ማሽኑን ሳይሆን ማድረቂያ ቦታውን አሳዩኝ በሉ እላለሁ። «ቦታ የለንም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚደርቀው» ካሏችሁ ተመለሱ።

የከፋይ (ቬልቬት) መጋረጃ አይቀበሉም። ከእናቴ የመጣ ወይን ጠጅ ከፋይ አለኝ፤ ይዤው ሄጄ ነበር። ባለቤቱ እጁን በላዩ ላይ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አሳለፈና መለሰልኝ። «ይሄ ውሃ አይነካውም። ድራይ ክሊን ነው የሚፈልገው፤ እኛ ማሽኑ የለንም።» ሰሌዳቸው ላይ ድራይ ክሊን ጽፈው በውሃ የሚነክሩ ሞልተው ሳለ የለንም ማለት ትልቅ ነገር ነው። ድራይ ክሊን ማለት በውሃ ፋንታ በኬሚካል ፈሳሽ ማጠብ ነውና ለብቻው የተሠራ ማሽን ይጠይቃል። የጥጥ ወይም የሐር ከፋይ ውሃ ሲገባው ጸጉሩ ይተኛል። ካውያ ከተጫነው ደግሞ የካውያው ቅርጽ እንደ ማኅተም ይቀራል። ለጊዜው እየተራገፈ፣ በለስላሳ ብሩሽ በጸጉሩ አቅጣጫ እየተጠረገ ተቀምጧል።

አሁን ወቀሳው።

አንደኛ፣ ክረምት። ሐምሌ ውስጥ የወሰድኩት ሲመለስ ሽታ ነበረው። የእርጥበት ሽታ። ታች እጥፋቱ ጨርቁ ድርብ የሚሆንበት ቦታ ነው፤ እዚያ ስነካው ገና ቀዝቃዛ ነበር። ፊቱ ደርቋል፣ እጥፋቱ አልደረቀም፣ ታጥፎ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ቀን ቢቆይ ኖሮ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ያወጣ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከገበር ላይ በቀላሉ አይለቅም። ወዲያው ሰቀልኩት፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ተረፈ። ስነግረው ባለቤቱ አልተከራከረኝም፤ ያለ ክፍያ ደግሜ ላጥብልሽ አለ። እኔ ግን የምፈልገው ደግሞ መታጠቡን አይደለም፤ ሲያስረክቡኝ እጥፋቱን በእጅ ነክቶ ማየትን ነው። እናንተም መጋረጃ ስትረከቡ መሃሉን አትንኩ። እጥፋቱንና ከላይ ያለውን ቴፕ ንኩ። መጨረሻ የሚደርቁት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ማንጠልጠያው። መንጠቆዎቹን አውልቀው በትንሽ ፌስታል አስረው ይመልሳሉ። የኔ ነጭ ነበሩ፤ ከመሃላቸው ቢጫ ያደረጉ፣ የማላውቃቸው ተቀላቅለው መጡ። የሌላ ሰው ቤት መንጠቆ ምን ያደርግልኛል? ልኩም አይገጥም። አሁን አውልቄ ቤት ነው የማስቀምጣቸው። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ብረትነት ያለው መንጠቆ ከሆነማ እንዲያውም ግዴታ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ዝገት ይተዋል።

ሦስተኛ፣ ሽቶ። ማን እንደጀመረው እንጃ። የታጠበ ነገር ሁሉ ላይ ሽቶ ይረጫሉ። የኔ ቤት ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቁሌት አለ። የሽቶ እጥረት የለብንም። «አትርጩብኝ» ብዬ ደረሰኙ ላይ አስጽፌያለሁ፤ አንዳንዴ ያስታውሳሉ።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። የሚያስከፍሉት ግን በኪሎ ሳይሆን በፍሬ ነው፤ ገበር ያለው ይጨምራል። በኪሎ ከሚያጥቡት ይወደዳል፤ በግልጽ ይወደዳል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲሰማ «በዚህ ዋጋ አዲስ አይገዛም?» አለ። አይገዛም። እሱ መርካቶ ሄዶ የጨርቅ ዋጋ ጠይቆ አያውቅም።

ለማንኛውም ሁሉንም ወደ ላውንደሪ አልወስድም። ስሱን፣ ከወፍራሙ ኋላ የሚሰቀለውን ነጩን፣ ቤት ነው የማጥበው። ለእሱ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ የሚመጣበትን ቀን እጠብቃለሁ፤ ሮቶ ላይ ያለውን ለመጋረጃ አልነካም።

አሠራሬ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ በረንዳ ላይ አራግፈዋለሁ። ይህ የማይዘለል ነው፤ አቧራ ውሃ ሲያገኘው ጭቃ ነው፣ ጭቃ ደግሞ ስስ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ ሰፊ ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ባዶ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ሳሙና የለም፣ ማሸት የለም። ውሃው ጠቁሮ ሲወጣ እደፋዋለሁ፣ ሌላ እሞላለሁ። ጥቁረቱ ሲቀንስ ነው ሳሙናው የሚገባው። ያውም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በደንብ ከሟሟ በኋላ። ኦሞ ከላይ በትኖ ጨርቅ መጨመር ያልሟሟው ዱቄት ጨርቁ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። የቡናው ጭስና የወጥ ቤቱ ቅባት አንድ ላይ ሆነው ነው አቧራውን ጨርቁ ላይ የሚያጣብቁት፤ ስለዚህ ያለ ሳሙና አይለቅም። በመዳፌ ወደ ታች እጫነዋለሁ፣ እለቀዋለሁ። አላሸውም። ጥልፍ ያለበትን ካሻችሁት ክሩ ይመዘዛል።

በረኪና አልጨምርም። ነጭ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው በረኪና ነው። ጥጥ ከሆነ ያነጣዋል፤ እየደጋገማችሁ ስትጨምሩ ግን ክሩን ያሳሳዋል። ሐርና ሱፍ ከሆነማ ይበላዋል። ፖሊስተሩ ደግሞ እንዲያውም ሊወይብ ይችላል። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ማቀላቀል ደግሞ ለመጋረጃው ሳይሆን ለሳንባችሁ አደጋ ነው፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ካለቀለቅኩት በኋላ አልጠመዝዘውም። ሳፋው ጠርዝ ላይ እተወዋለሁ፣ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ከዚያ በትልቅ ፎጣ ጠቅልዬ እጫነዋለሁ። ከዚያ በቀጥታ መስኮቱ ላይ፣ ዘንጉ ላይ። ከታች አሮጌ አንሶላ አነጥፋለሁ። ጫፉን በእጄ ቀጥ ቀጥ አደርገዋለሁ፣ መስኮቱን በትንሹ እከፍታለሁ። በበጋ ጠዋት የሰቀልኩት ለምሳ ሰዓት ይደርቃል። ካውያ አልነካም። ነካሁ ካልኩም ካውያው አንድ ነጥብ ላይ ነው የሚሆነው፤ እሱ ዝቅተኛው ሙቀት ነው። ሦስት ነጥብ ከፍተኛው ነው፤ ፖሊስተሩን ያበላሸዋል።

ማሽን ያላችሁ ሰዎች ስሱን የትራስ ልብስ ውስጥ ከትታችሁ አፉን አስራችሁ ማጠብ ትችላላችሁ። ደህና ይወጣል። ትንሹን የመጭመቂያ ፍጥነት ምረጡ።

ተሰፍቶ ያለቀ መጋረጃ ከቱርክም ከዱባይም የገዛችሁ ከሆነ ጥጉ ላይ የተሰፋውን ትንሽ ጨርቅ እንዳትቆርጡት። የውሃ ሳፋ ውስጥ 30 ከተጻፈ እስከ 30 ዲግሪ ነው። ሳፋው ውስጥ እጅ ካለ በእጅ ብቻ። ሦስት ማዕዘኑ ላይ ኤክስ ካለ በረኪና አይነካው። አራት ማዕዘን ውስጥ ክብ ኖሮ በላዩ ኤክስ ካለ ማድረቂያ ማሽን አይግባ። በሜትር ከገዛችሁ ግን ይህ ምልክት አይኖርም፤ ጣቃው ላይ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ጨርቅ ነጋዴውን ስሪቱን ጠይቁት፤ ሰፊውንም ቁራጭ እንዲያስቀርላችሁ። ቁራጩን 10 በ10 ሴንቲ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ፣ አጥባችሁ፣ ሲደርቅ ለኩት። 9 ተኩል ከሆነ ከመቶ 5 አጥሯል ማለት ነው። ከመሰፋቱ በፊት ካወቃችሁማ ጨርቁን ሙሉውን አሳጥባችሁ ነው ማሰፋት። ያ ላውንደሪ ውስጥ ያለው ልጅም የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፦ «ቁራጭ አለሽ?»

የሳሎኔ መጋረጃ ሲመለስ ልጁ እንደገና ሜትሩን አውጥቶ እፊቴ ለካው። 2.47። ፀሐይ የበላው ፍሬ በእጅ ታጥቦ፣ ታች በኩል ትንሽ ተሰንጥቆ መጣ፤ ሳልጠይቀው እሱ ራሱ ቦታውን አሳየኝ። ለሰፊ ሰጥቼ ከውስጥ አስይዤዋለሁ፤ አንድ ዓመት ይሸኘኛል።

ከዐሥር ስንት ብትሉኝ ስምንት እሰጣቸዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ለክረምቱ እርጥበትና ለመንጠቆው ነው። ለእንቁጣጣሽ የምትፈልጉ ከሆነ ከቡሄ በፊት አድርሱ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ መጋረጃውን ያወርዳል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ቱቦ ይሞላል፣ ፀሐይም የለም። ልጁ ራሱ «ማዘር፣ ለበዓል አይደርስም» ብሎ ይመልሳችኋል።